ቋንቋው ወይስ ሥነ ጽሑፉ? ከጎንደር ወጥቶ በውጭ አገር ሁለተኛ ደረጃን ለሚጨርስ ልጅ የእንግሊዝኛ ትምህርት አመራረጥ

ጎንደር ላይ የሚማር ልጅ ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛን የሚያውቀው እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ነው። ሰዋስው፣ ንባብ፣ የቃላት ጥናትና ጽሕፈት በአንድ መማሪያ መጽሐፍ ተጠቃልለው ይሰጡታል፤ በማጠናቀቂያው ብሔራዊ ፈተናም ከተደረደሩት አማራጮች ትክክለኛውን መልስ ይመርጣል። ይኸው ልጅ ወላጆቹን ተከትሎ ሜልቦርን ወይም ለንደን ሲደርስ ግን፣ የሚሰጠው የምዝገባ ቅጽ እንግሊዝኛን ከሁለት፣ ከሦስት፣ አንዳንዴም ከአራት ከፍሎ ያቀርብለትና እንዲመርጥ ይጠይቀዋል። ጥያቄው ለቤተሰቡ እንግዳ ስለሚሆን፣ ብዙ ጊዜ በስልክ ተመልሶ አገር ቤት እንግሊዝኛ ወዳስተማረ ዘመድ ይመጣል። እኔም በዚህች ከተማ እንግሊዝኛ በማስተማር የኖርሁ በመሆኔ ጥያቄው ደጋግሞ ደርሶኛል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠሁት መልስ ስሕተት ስለ ነበረም ነገሩን አጥብቄ ማጥናት ግድ ሆነብኝ።

ያን ጊዜ የጠየቀችኝ ሜልቦርን የገባች የእኅቴ ልጅ ነበረች። «ጋሼ፣ ኢንግሊሽ ላንጉዊጅ የሚሉትና ሊትሬቸር የሚሉት አለ፤ የቱን ልያዝ?» አለችኝ። እኔም በክፍሌ ውስጥ የነበራትን የሰዋስው ውጤት አስታውሼ፣ ሳልመረምር ቋንቋውን እንድትይዝ መከርኋት። የጊዜ አመልካች ግሶችንና ባዶ ቦታ መሙላትን ጠብቃ ስትገባ የቀረበላት ግን ሁለት ሰዎች ያደረጉት ጭውውት ነበረ፤ ትንፋሻቸው፣ ዝምታቸውና አንዱ የሌላውን ንግግር ያቋረጠበት ቦታ ሳይቀር በምልክት ተጽፎ፣ ለምን እንዲህ እንደ ተነጋገሩ እንድታብራራ ተጠየቀች። ልጅቱ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በአያቷ ቡና ላይ ተቀምጣ የተረቱ ሰዎች ለምን እንደዚያ እንዳደረጉ የምትጠይቅ፣ ያላሳመናትን ፍጻሜ የማትቀበል ልጅ ነበረች፤ እኔ ግን ይህን ጠባይዋን ሳይሆን ማርኳን ነበረ ያየሁት። ከግማሽ ዓመት በኋላ ወደ ሥነ ጽሑፉ ተዛወረች፤ ጓደኞቿ ቀደም ብለው ያነበቧቸውን መጻሕፍት ለመድረስም የዕረፍት ጊዜዋን በሙሉ ሠዋች።

በመጀመሪያ መደረግ ያለበት «ቋንቋ» የሚለው ስም የሚፈጥረውን ግርታ ማጥራት ነው። በውጭ ትምህርት ቤቶች የእንግሊዝኛ ምርጫ ብዙውን ጊዜ ሁለት ብቻ አይደለም፤ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ላልሆነ ተማሪዎች የተዘጋጀ ሌላ ትምህርትም አለ። የቋንቋ ችሎታን የሚያዳብረውን ይህን ትምህርትና ስለ ቋንቋ ጠባይ የሚያጠናውን ትምህርት አንድ አድርጎ ማየት፣ ካየኋቸው ስሕተቶች ሁሉ የበዛውና ከባዱ ነው።

የሜልቦርንን ነገር ላስረዳ፤ ከጎንደር የሄዱ ልጆች አብዝተው የሚጠይቁኝ ከዚያ ስለ ሆነ ነው። ሜልቦርን በምትገኝበት በቪክቶሪያ ግዛት፣ ቪሲኢ በሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ሥርዓት ውስጥ አራት የእንግሊዝኛ ትምህርቶች አሉ፤ መደበኛው እንግሊዝኛ፣ እንግሊዝኛን እንደ ተጨማሪ ቋንቋ ለሚማሩት የተዘጋጀውና ኢኤኤል የሚባለው፣ ኢንግሊሽ ላንጉዊጅ፣ እንዲሁም ሊትሬቸር ናቸው። ከአራቱ የትኛውም ምስክር ወረቀቱ የሚጠይቀውን የእንግሊዝኛ ግዴታ ለማሟላት ያገለግላል፤ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ በሚሰላው ኤታር በሚባለው ደረጃ ውስጥም የአንዱ ውጤት የግድ ይቆጠራል። ስለዚህ «ሊትሬቸር ከያዝሁ መደበኛውን እንግሊዝኛም መጨመር አለብኝ» የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም፤ የሚወድ ግን ሁለቱንም መያዝ ይችላል።

ኢኤኤል ለፈለገው ሁሉ አይፈቀድም። ዋናው መመዘኛ ተማሪው በአውስትራሊያ ወይም በሌላ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገር የኖረበት ጊዜ ከ7 ዓመት ያልበለጠ፣ እንግሊዝኛም ዋና የማስተማሪያ ቋንቋው ሆኖ የቆየበት ጠቅላላ ጊዜ እንዲሁ ከ7 ዓመት ያልበለጠ መሆኑ ነው። እዚህ ላይ የጎንደር ወላጅ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። እስከ ስምንተኛ ክፍል በአማርኛ ተምሮ ከዘጠነኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረ ልጅ እዚህ የሚቆጠርበት ቢበዛ አራት ዓመት ነው፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ የተሰጠው ልጅ ግን፣ ቤቱ ውስጥ ከአማርኛ በስተቀር ተናግሮ የማያውቅ ቢሆንም፣ ሰባቱን ዓመት ሊያልፍ ይችላል። በየትኛው ክፍል በየትኛው ቋንቋ እንደ ተማረ የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀድሞ ትምህርት ቤቱ አስጽፎና ማኅተም አስመትቶ ይዞ መሄድ፣ ከሄዱ በኋላ በዘመድ በኩል ከማስፈለግ እጅግ ይቀላል። ኢኤኤል የማዳመጥ ፈተና ያለበትና ለአዲስ ገቢ ልጅ ተገቢ የሆነ ትምህርት ነው፤ መውሰዱም ውርደት አይደለም። ነገር ግን ብዙ የዩኒቨርሲቲ መስኮች በኢኤኤል የመጣን ተማሪ በሌሎቹ ከመጣው ተማሪ ከፍ ያለ ነጥብ ስለሚጠይቁት፣ የሚታሰበውን መስክ መመዘኛ አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል።

ይህ ከተለየ በኋላ እውነተኛው ምርጫ ይቀራል፤ እርሱም በቋንቋውና በሥነ ጽሑፉ መካከል ነው።

ኢንግሊሽ ላንጉዊጅ የሚባለው እኛ ሥነ ልሳን የምንለው ነው። እንግሊዝኛን አቀላጥፎ መናገርን አያስተምርም፤ የሚናገር ሰው የሚያደርገውን ነገር ያጠናል። ተማሪው የድምፅን፣ የቃል ምሥረታን፣ የዐረፍተ ነገርን፣ የትርጉምንና የንግግርን አወቃቀር ለይቶ መጥራት ይማራል፤ ከዚያም መደበኛና ኢመደበኛ አነጋገር ለምን እንደሚለያዩ፣ ሰው በአነጋገሩ ማንነቱን እንዴት እንደሚገልጽ ይመረምራል። የቪሲኢው ማጠቃለያ ፈተና የሁለት ሰዓት ሲሆን አጫጭር ጥያቄዎች፣ የአንድ ጽሑፍ ወይም ንግግር ሐተታና አንድ ድርሰት አሉት። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ከ16 እስከ 18 ዓመት ያሉ ተማሪዎች በሚወስዱት ኤ ሌቭል፣ ኤኪውኤ የተባለው የፈተና ተቋም በሚሰጠው የቋንቋ ትምህርት፣ ሕፃናት አፋቸውን እንዴት እንደሚፈቱ፣ እንግሊዝኛ በዘመናት እንዴት እንደ ተለወጠና ከቦታ ቦታ እንዴት እንደሚለያይ ይጠናል፤ ተማሪው ራሱ መረጃ ሰብስቦ የ2,000 ቃላት ጥናትም ይጽፋል። ይህ ጥናትና ከእርሱ ጋር የሚቀርበው የራሱ የፈጠራ ጽሑፍ ከጠቅላላው ውጤት 20 በመቶውን ይይዛሉ።

ሥነ ጽሑፉ ደግሞ ልቦለድ፣ ግጥምና ተውኔት በጥልቀት የሚነበቡበት ነው። የታሪኩን ሂደት መናገር በዚያ ዋጋ የለውም፤ ደራሲው ይህን ቃል ለምን መረጠ፣ ይህ ትዕይንት ለምን እዚህ ቦታ ገባ፣ ጽሑፉ በሌላ ዓይን ቢነበብ ምን ይላል የሚሉት ናቸው የሚጠየቁት። በእንግሊዝ የኤ ሌቭል ሥነ ጽሑፍ ቢያንስ 8 ሥራዎች ይነበባሉ፤ ከእነርሱም ቢያንስ 3ቱ ከ1900 እ.ኤ.አ. በፊት የታተሙ፣ አንዱም የሼክስፒር ሊሆን ይገባል፣ ቢያንስ አንዱ ደግሞ ከ2000 እ.ኤ.አ. በኋላ የወጣ መሆን አለበት።

የጎንደር ሰው ይህን ልዩነት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ግስ ይገሳል፣ አገባብ ይማራል፤ የቃሉ ሥር ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚረባ፣ የትኛው አገባብ የትኛውን እንደሚስብ ያጠናል። መጽሐፍ ቤት የገባው ደግሞ ንባቡን ይዞ «አንድም» እያለ ትርጓሜውን ያወርዳል፤ አንዱ ቃል በአንድ በኩል ይህን፣ በሌላ በኩል ያን ማለት መሆኑን ከነምክንያቱ ያቀርባል፤ ሊቃውንቱም ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው የተለያዩበት የትርጓሜ መንገድ አላቸው። የእንግሊዝኛው ቋንቋ ትምህርት ለግሱና ለአገባቡ፣ ሥነ ጽሑፉ ለአንድምታው ይቀርባል። የሁለቱን ጠባይ ለወላጆች ሳስረዳ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላገኘሁም፤ በእርግጥ በእኛ ሊቃውንት ዘንድ አንዱ ያለ ሌላው እንደማይቆም አውቃለሁ፤ የውጮቹ ትምህርት ቤቶች ግን ለያይተው ያቀርቡታል።

ልጁ ወደ የትኛው እንደሚያዘነብል ለማወቅ እኔ የምጀምረው በአማርኛ ነው፤ እንግሊዝኛው ገና ደካማ ሊሆን ስለሚችል ችሎታን ከዝንባሌ ጋር እንዳናምታታ ይጠብቀናል። «ሳይማር ሞተ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ስጡትና ዝም ብላችሁ ተመልከቱት። ሁለት ትርጉም አለው፤ ትምህርት ሳያገኝ ሞተ፣ አንድም ይቅርታ ሳያገኝ ሞተ። አንዳንዱ ልጅ ወዲያው ቃሉን ይዞ ይመረምራል፤ «ልጅ ይማር» እና «ነፍስ ይማር» እንዴት አንድ ዓይነት ሆኑ፣ ሰሚውስ የትኛው እንደ ሆነ በምን ይለያል ብሎ ይጠይቃል። እንዲህ ላለው ልጅ መልሱን ብትነግሩት ደስታው ወሰን የለውም፤ በግዕዝ ማስተማር የሆነው መሀረ በሃሌታው ሀ፣ ምሕረት ማድረግ የሆነው መሐረ በሐመሩ ሐ የሚጻፉ ሁለት የተለያዩ ግሶች ነበሩ፤ አማርኛ የሁለቱን ፊደላት ድምፅ አንድ ስላደረገና በኋላም ከግሶቹ መካከል ስላጠፋው ሁለቱ ተመሳሰሉ፤ ዱካቸው «ትምህርት» እና «ምሕረት» በሚሉት ቃላት አጻጻፍ ላይ ቀርቷል። ሌላው ልጅ ግን ስለ ሟቹ ይጠይቃል፤ ማን ነው ይቅር ያላለው፣ ተናጋሪው እያዘነ ነው ወይስ እየወቀሰ፣ ሁለቱንም ትርጉም ፈልጎ ይሆን ይላል። የመጀመሪያው የቋንቋ ልጅ ነው፤ ሁለተኛው የሥነ ጽሑፍ ነው። ሁለቱንም የሚጠይቅ ልጅ አለ፤ ስለ እርሱ ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ሁለት ሳምንት ይፈተን። በመጀመሪያው ሳምንት ከፒያሳ እስከ አራዳ ሲመላለስ በሱቅ፣ በካፌና በሆቴል ላይ የተጻፉ ዐሥር የእንግሊዝኛ ማስታወቂያዎችን በደብተሩ ይገልብጥ፤ ለምን በእንግሊዝኛ ተጻፈ፣ ለማን ነው የሚናገረው፣ የእንግሊዝኛው ቃል በፊደል ሲጻፍ ድምፁ ምን ሆነ የሚለውን በእያንዳንዱ ሥር ይጻፍ። የምታውቁት አስጎብኚ ካለም፣ አስፈቅዶ የፋሲል ግቢን ለውጭ አገር ጎብኚዎችና ለተማሪዎች ሲያስረዳ ያዳምጠው፤ ስለ አንድ ግንብ ሲናገር የቃላቱ ምርጫና የዐረፍተ ነገሩ ርዝመት እንዴት እንደሚለዋወጥ ይመዝግብ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ግጥም ስጡት፤ ማንም አያብራራለት፤ ለሦስት ቀን ያንኑ ግጥም እያነበበ በየቀኑ ግማሽ ገጽ ይጻፍበት። መመልከት ያለባችሁ የእንግሊዝኛውን ጥራት አይደለም። በአምስተኛው ማስታወቂያ ላይ የሰለቸ ልጅ ቋንቋውን ሁለት ዓመት ይዞ አይዘልቅም፤ በሦስተኛው ቀን ከመጀመሪያው ቀን የተለየ ነገር የሚናገረው የጠፋውም ሥነ ጽሑፉ ይከብደዋል።

ፈተናዎቹን ማየትም ከዚህ አይተናነስም። የቪክቶሪያ የሥርዓተ ትምህርትና የምዘና ባለሥልጣን ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ከፈታኞች ሪፖርት ጋር በድረ ገጹ ላይ በነፃ ያስቀምጣል፤ የእንግሊዞቹ ኤኪውኤም ያለፉ ፈተናዎችን ያወጣል። ከሁለቱም ትምህርት አንዳንድ ፈተና አውርዳችሁ አሳትሙና ልጁ አጠገባችሁ ተቀምጦ ያንብበው። የፈታኞቹ ሪፖርት በተለይ ጠቃሚ ነው፤ ጥሩ መልስ ምን እንደሚመስልና ተማሪዎች የት እንደሚስቱ በግልጽ ይናገራል። እኔ ያን ጊዜ አንድ ፈተና ብቻ እንኳ አንብቤ ቢሆን ኖሮ የእኅቴን ልጅ ባላሳሳትኋት ነበር።

በአገራችን ሰው ዘንድ «ሥነ ጽሑፍ ለአዲስ መጪ አይሆንም፣ ቋንቋው ይሻላል» የሚል አስተሳሰብ አለ። እኔ በዚህ አልስማማም። የቋንቋው ትምህርት የሚመረምረው ሰዎች በየቀኑ የሚነጋገሩትን፣ የሰፈር አነጋገሩን፣ ቀልዱን፣ ፖለቲከኛው በጋዜጣ የሸፋፈነውን ነው፤ በቪሲኢው ድርሰትም ተማሪው ከዘመኑ የአውስትራሊያ ኑሮ ምሳሌ እንዲያመጣ ይጠበቃል። እዚያ ያደገው ልጅ ይህን ከቤቱና ከመንገዱ ይዞት ይመጣል፤ የእኛው ግን ከዜሮ ይሰበስበዋል። በአንጻሩ የሼክስፒር እንግሊዝኛ ሜልቦርን ለተወለደውም ልጅ ባዕድ ነው፤ ሁሉም ከግርጌ ማስታወሻ ጋር ነው የሚያነቡት። እንዲያውም አንዳንድ ቦታ የእኛ ልጅ ይቀድማል። በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ «ዛው» እና «ዩ» የሚባሉ ሁለት መጥሪያዎች ነበሩት፤ ገጸ ባሕርዩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል ንቀት፣ ፍቅር ወይም ቁጣ ይገለጻል። አያቱን «አንቱ»፣ ጓደኛውን «አንተ» እያለ ያደገ የጎንደር ልጅ ይህን ማንም ሳያስረዳው ይሰማዋል። የሼክስፒርን ሐምሌትና ኦቴሎ በፀጋዬ ገብረ መድኅን የአማርኛ ትርጉም አስቀድሞ ማንበብም ታሪኩን ስለሚያስይዘው፣ እንግሊዝኛውን ሲከፍት አሳቡን በቃላቱ ላይ ብቻ ማድረግ ይችላል።

ይህን ስል የንባቡን ብዛት አቃልዬ አይደለም። አንድን ልቦለድ ለመጨረስ ሁለት ወር የሚፈጅበት ልጅ ስምንት ሥራዎችን ደጋግሞ ማንበብ ይቸግረዋል፤ እንዲህ ያለው ልጅ ዝንባሌው ወደ ሥነ ጽሑፍ ቢሆን እንኳ የመጻሕፍቱን ዝርዝር ቀደም ብሎ አግኝቶ እዚሁ ጎንደር እያለ መጀመር አለበት። የቋንቋው ልጅም ያለ ስንቅ አይደለም። ከሰዋስው ትምህርታችን ባለቤትን፣ ተሳቢንና ማሰሪያ አንቀጽን ለይቶ መጥራት ስለሚያውቅ፣ ሌሎቹ ገና የሚማሩትን ስያሜ በከፊል ይዞ ይገባል፤ በሁለት ቋንቋ መካከል መኖሩም ራሱ የጥናት ርእስ ሊሆንለት ይችላል።

ሁለቱንም ለሚጠይቀው ልጅ ደግሞ መካከለኛ መንገድ አለ። በእንግሊዝ ቋንቋንና ሥነ ጽሑፍን ያጣመረ ራሱን የቻለ ኤ ሌቭል አለ። አይ ቢ በሚባለው ዓለም አቀፍ ፕሮግራምም እንደዚሁ ሥነ ጽሑፍ ብቻውን ወይም ከቋንቋ ጋር ተጣምሮ ይሰጣል፤ በከፍተኛው ደረጃ የመጀመሪያው 13፣ ሁለተኛው 6 የሥነ ጽሑፍ ሥራዎችን ያስነብባል፤ በመደበኛው ደረጃ ደግሞ 9 እና 4 ናቸው። የተጣመረው በመጻሕፍት ፈንታ ማስታወቂያን፣ ንግግርንና የጋዜጣ ጽሑፍን ስለሚጨምር ሥራው ቀለለ ማለት አይደለም። በቪክቶሪያ ግን እንዲህ ያለ ጥምር ትምህርት ስለሌለ፣ ያልቆረጠ ልጅ መደበኛውን እንግሊዝኛ ይዞ ከሁለቱ አንዱን ቢጨምር ይሻላል እላለሁ።

ወላጆች ሁልጊዜ የሚጠይቁት «የትኛው እንጀራ ይሆናል?» የሚለውን ነው፤ ለምን እንደሚጠይቁም አውቃለሁ። ሕክምና ወይም ምሕንድስና ለሚያስብ ልጅ ከሁለቱ የትኛውም በር አይዘጋበትም። በዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ማጥናት የሚፈልግ ግን፣ በተለይ በእንግሊዝ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የሥነ ጽሑፍን ወይም የጥምሩን ኤ ሌቭል በስም ስለሚጠይቁ፣ የቋንቋውን ብቻ ይዞ ሊቸገር ይችላል። የንግግር ሕክምናን ወይም የቋንቋ መምህርነትን የሚያስብ ልጅ በቋንቋው ትምህርት የሚጠቅመውን ያገኛል። ለሕግና ለጋዜጠኝነት ሁለቱም ይሆናሉ። እንግሊዝ አገር በ16 ዓመቱ የሚደርስ ልጅ ከዚህ ሁሉ በፊት ጂሲኤስኢ የሚባለው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና ሊጠብቀው እንደሚችልም ይታወቅ፤ በእርሱ 4 እና ከዚያ በላይ ያላገኘ ተማሪ እንግሊዝኛውን መማር እንዲቀጥል ይደረጋል።

ሁሉም ትምህርት ቤት ሁሉንም አያስተምርም፤ በተለይ ኢንግሊሽ ላንጉዊጅ የሚያስተምር መምህር የሌለው ትምህርት ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ ልጁ ገና ሳይመዘገብ ለትምህርት ቤቱ ተጽፎ፣ ሦስት ነገር ይጠየቅ፤ ከእንግሊዝኛዎቹ የትኞቹ ይሰጣሉ፣ የዘንድሮው የመጻሕፍት ዝርዝር ምንድን ነው፣ ምርጫን መቀየር የሚቻለው እስከ መቼ ነው። በአውስትራሊያ የትምህርት ዘመኑ የሚጀምረው በእኛ ጥር ወር ገደማ ሲሆን የቀጣዩ ዓመት ትምህርት የሚመረጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀደም ብሎ በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ እኛ ክረምቱን ለምዝገባ የምንዘጋጅበት ጊዜ እዚያ ምርጫው የሚያበቃበት ነው። ጥያቄውን የያዘውን ደብዳቤ ልጁ ራሱ በእንግሊዝኛ ይጻፈው፤ ወላጅ ያንብብለት እንጂ አይጻፍለት። የእኅቴ ልጅ ታናሽ ወንድሟ ተራው ሲደርስ ደብዳቤውን ራሱ ጽፎ ላከልኝ፤ ከሦስቱ ጥያቄዎች ቀጥሎ፣ ማንም ሳይነግረው፣ በክፍሉ ውስጥ ተማሪዎቹ በመጽሐፉ ላይ መከራከር ይፈቀድላቸው እንደ ሆነ ጠይቆ ነበር። ከዚያ በኋላ የቱን እንዲይዝ አልመከርሁትም።